የፖካሆንታስ ካውንቲን ሙዚየሞች ለመጎብኘት የሚያስፈልግ ዝግጅት

በዌስት ቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በአሌጌኒ ተራሮች መካከል የሚገኘው ፖካሆንታስ ካውንቲ የሕዝቡ ቁጥር 8,000 እንኳ አይሞላም፤ ታሪኩ ግን በየመንደሩ ተበታትኖ ተቀምጧል። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ከመጣደፍ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ይደውሉ። እንዲህ ያሉ የገጠር ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት በሞቃታማዎቹ ወራት ብቻ ነው፤ የሚያስጎበኙትም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው አንድ ሰው ከታመመ በሩ ተቆልፎ ሊውል ይችላል። እኔ ራሴ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ሰዓት አምኜ ሄጄ፣ በመስኮት አጮልቄ ብቻ የተመለስኩበት ቀን አለ። ካርታዎንም በወረቀት ይያዙ። በግሪን ባንክ የሚገኘውን የራዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ ከሞገድ ረብሻ ለመጠበቅ አካባቢው ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራዲዮ ሞገድ የሚገደብበት ቀጠና ስለሆነ፣ የሞባይል ኔትወርክ በብዙ ቦታ አይገኝም።

ጉብኝቱን ከደቡብ ጫፍ፣ ከድሩፕ ተራራ መጀመር ጥሩ ነው። እዚህ ኅዳር 6 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑና የደቡቡ ጦር ተዋግተዋል፤ ዌስት ቨርጂኒያ ራሷን የቻለች ግዛት ከሆነች ገና አምስት ወር አልሞላትም ነበር። ወደ ትንሿ ሙዚየም ከመግባትዎ በፊት ከተራራው አፋፍ ላይ ቆመው ሸለቆውን ይመልከቱ፤ ከላይ የመሸገው የደቡብ ጦር ለምን እንደተማመነ፣ የሰሜኑም ለምን ዞሮ በጎን መውጣት እንደነበረበት ያን ጊዜ ይገባዎታል።

ከሥር ባለችው በሂልስቦሮ፣ በ1938 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ፐርል ባክ በ1892 የተወለደችበት ቤት አለ። ገና በሕፃንነቷ ወላጆቿ ለሚሲዮናዊ ሥራ ወደ ቻይና ስለወሰዷት፣ በዚህ ቤት የደራሲዋን ሕይወት ከመፈለግ ይልቅ ከሆላንድ ተሰደው የመጡትን የእናቷን ቤተሰቦች ኑሮ ቢፈልጉ ይጠቀማሉ። በማርሊንተን ከተማ ደግሞ የካውንቲው ሙዚየም በአንድ የድሮ መኖሪያ ቤት ውስጥ ይገኛል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጽሑፎቹን እያነበቡ ብቻ አይለፉ፤ አንድ ዕቃ መርጠው «ይህ የማን ነበር? እዚህስ እንዴት ደረሰ?» ብለው አስጎብኚውን ይጠይቁ። በእኔ ግምት ከሙዚየሙ ሀብት የሚበዛው ያልተጻፈው ነው። መግቢያው ነጻ ቢሆን እንኳ ለመዋጮ ሣጥኑ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

በማግስቱ፣ በመመለሻዎ ላይ፣ ካስ ለምትባለው ከተማ ሰፊ ጊዜ ይተዉ። ከተማዋን በ1901 የቆረቆራት የወረቀት ኩባንያ ሲሆን፣ ለሠራተኞቹ የሠራቸው ነጫጭ ቤቶች ዛሬም በመደዳ ቆመዋል። የእንጨት መሰንጠቂያው በ1960 ተዘጋ፤ ግንድ ይጎትት የነበረው ባቡር ግን በ1963 ሰው ማመላለስ ጀመረ። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ከሞተሩ በስተቀኝ ይቁሙ። ሦስት ሲሊንደሮች ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከሥራቸው ያለውን ረጅም ዘንግ ያሽከረክራሉ፤ ዘንጉም በጥርስ ጎማዎች አማካይነት ኃይሉን ለእያንዳንዱ መሽከርከሪያ ያደርሳል። ተራ ባቡር የሚንሸራተትበትን ዳገት ይህኛው ቀስ ብሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። «ሼይ» የሚባለው ይህ ዓይነት እዚያ በብዛት ይገኛል፤ ቁጥር 5 የተሰኘው በ1905 የተሠራ ነው።

በባቡሩ ወደ ባልድ ኖብ ተራራ የሚወጣውን ረጅሙን ጉዞ ከመረጡ፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያስፈልጋል። ከድንጋይ ከሰሉ የሚነሣው ጥላሸት በክፍት ፉርጎዎቹ ላይ ስለሚወርድ ግን ነጭ ልብስ አይልበሱ።