ልጅዎን ለከፍተኛ የሳይንስ ኮርስ ከማስመዝገብዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሳይንስ ውጤቱን አይቶ ሒሳቡን መርሳት። ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በከፍተኛ ፊዚክስ ሲቸገር ብዙውን ጊዜ ያቃተው ፊዚክሱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ኮርስ በሚወስዱበት በአሜሪካው ኤ.ፒ. ፕሮግራም ለምሳሌ ፊዚክስ 1 በአልጀብራ ይሠራል፤ ፊዚክስ ሲ ደግሞ ካልኩለስ ይፈልጋል። በስም ይቀራረባሉ እንጂ የሚጠይቁት ዝግጅት ለየቅል ነው። ኬሚስትሪም ቢሆን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ ሲደርስ ሎጋሪዝም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከካርዱ ይልቅ ልጁን ይፈትኑት፦ አንድ ቀመር ሰጥተው ከውስጡ የተፈለገውን ፊደል ለብቻው እንዲያወጣ ይጠይቁት። እዚያ ላይ ከተደናቀፈ ሒሳቡን ያጠናክር፤ ኮርሱ በሚቀጥለው ዓመትም ይገኛል።

ሸምድዶ ያመጣውን ውጤት እንደ መረዳት መቁጠር። ቀላል መፈተኛ አለ። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆም የሚስበው ኃይል አለ ወይ ብለው ይጠይቁት። «የለም፣ ቆሟልና» የሚል ልጅ ቀመሩን ቢያውቅም ሐሳቡ ገና አልገባውም፤ የመሬት ስበት እዚያም ያው ነው። እንዲህ ያለው ክፍተት በመደበኛው ክፍል ሊሸፈን ይችላል። በተፋጠነው ክፍል ግን መምህሩ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ ስለሌለው ክፍተቱ በየሳምንቱ እየሰፋ ይሄዳል።

የክፍሉን ሰዓት ብቻ መቁጠር። በዓለም አቀፉ ባካሎሬት (አይ.ቢ.) የሁለት ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም በመደበኛ ደረጃ ለአንድ ትምህርት በጠቅላላው 150 ሰዓት ሲመደብ ለከፍተኛው ደረጃ 240 ነው። የቤት ሥራውና የላብራቶሪ ሪፖርቱ ከዚህ ውጭ ናቸው። የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ላይ ሲደለድሉ ከእንቅልፉ ይጀምሩ፦ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። በእኔ እምነት ከእንቅልፉ ካልተቀነሰ በቀር ቦታ የማያገኝ ኮርስ መወሰድ የለበትም።

ዩኒቨርሲቲ ይቆጥርልኛል ብሎ መተማመን። አንዳንዶቹ በከፍተኛ የፈተና ውጤት ክሬዲት ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ አይሰጡም፤ ደንቡ በትምህርት ዓይነትም ይለያያል። ልጁ የሚያስበውን ተቋም ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።

ልጁን ሳይጠይቁ መወሰን። ጓደኞቹ ስለተመዘገቡ፣ ወይም እኛ ሐኪም እንዲሆንልን ስለተመኘን ብቻ የገባ ልጅ ትምህርቱ ሲከብደው የሚይዘው ነገር ያጣል። ማንም ሳያዘው ስለ ሴልና ስለ ከዋክብት የሚያነብ ልጅ ግን ውጤቱ መካከለኛ ቢሆንም ዕድሉን ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ሒሳቡን ከቻለ ይግባ።

መውጫውን አለመጠየቅ። ከኮርሱ ወደ መደበኛው ክፍል መዛወር የሚቻለው እስከ መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ቢያቋርጥ ትራንስክሪፕቱ ላይ ምን ይጻፋል? ሁለቱንም ከመፈረምዎ በፊት ትምህርት ቤቱን ይጠይቁና ቀኑን ለልጁም ይንገሩት።