የማሳጅ መሣሪያ ስትገዙ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት
የደብረ ብርሃን ብርድ ትከሻና ወገብ ሲይዝ እናቶቻችን በቅቤ ያሹን ነበር፤ አሁን ደግሞ ያ ሽጉጥ የሚመስለው የማሳጅ መሣሪያ በየቤቱ እየገባ ነው። ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩ የሚቆጥርላችሁን ጫፉ ላይ የሚቀያየሩ ጭንቅላቶች ብዛት እርሱት፤ ስምንት ቢኖረው የምትጠቀሙት በሁለቱ ነው። ይልቅ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስነሡትና ጭናችሁ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት። ድምፁ ወርዶ ካቃሰተ ወይም ከቆመ ሞተሩ አቅም የለውም፤ መልሱለት። የእኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ሲያቃስት እየሰማሁ ገዛሁት፣ በሦስተኛው ወር ዝም አለ።

ካርቦን ብሩሽ የሌለው ሞተር ምረጡ፤ ተፋትጎ የሚያልቅ ካርቦን ስለሌለው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዕድሜውም ረዘም ያለ ነው። የምቱ ጥልቀት፣ ማለትም ጭንቅላቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ርቀት፣ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለቤት ይበቃል። በተለመደው የስልክ ገመድ ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል፤ ገመዱ ሲጠፋ ሌላ ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ አትወርዱም።

ሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለወራት መቀመጥ አይወድም። በኅዳር ውርጭ ውጭ ያደረውንም ክፍል ውስጥ ሳይሞቅ ቻርጅ አታድርጉት።

አጥንትና የአንገት ፊት ላይ ግን ፈጽሞ አታሳርፉት።