ጠዋት ሞተር ሲነሳ «ክርርር»፦ ካቴናው ነው ወይስ ዘይቱ?

ከሜክሲኮ ፒያሳ እስኪደረስ መብራትና መጨናነቅ ላይ የቆመ መኪና፣ ቆጣሪው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሞተሩ ግን ሲሠራ ነው የቆየው። ስለዚህ ስለ ካቴና፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱንና ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካም ሻፍት አያይዞ ስለሚያዞረው የሞተር ውስጥ ሰንሰለት፣ «ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይቀየር?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ከተማ ብዙ አያዋጣም። አብዛኞቹ አምራቾችም ለካቴና ቁርጥ ያለ ኪሎ ሜትር አያስቀምጡም፤ የሚቀየረው ምልክት ሲያሳይ ነው። ያገለገለ ሆኖ የገባ ቪትዝ ቆጣሪው ምን ያህል እንደሚታመን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ ሞተራችሁ ባለ ካቴና መሆኑን አረጋግጡ። የቪትዝ 1ኤንዜድና 2ኤንዜድ፣ የኮሮላ 1ዜድዜድ ባለ ካቴና ናቸው። የድሮው ኮሮላ 4ኤና 5ኤ፣ የሃይሉክስ 5ኤል ናፍጣም ባለ ቺንጋ (በሰንሰለት ፈንታ የጎማ ቀበቶ) ናቸው። ቺንጋ ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ስለሚበጠስ በኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ምልክት አይጠበቅለትም።

ጠዋት ሲነሳ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ክርርር ብሎ ይጠፋል

በብዙ ሞተሮች የካቴናውን ማጥበቂያ የሚገፋው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ግፊቱ እስኪደርስ ካቴናው ላልቶ ይንሿሿል። ዘይት ከጎደለ፣ ከቆየ ወይም ፊልትሮው ዘይት የማይዝ ርካሽ ከሆነ ድምፁ ይረዝማል። በአዲስ አበባ ብርድ ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ዘይት የሚሞላ ሰውም ችግሩን በገዛ ገንዘቡ እየገዛ ነው። የዘይቱን መጠን በመለኪያው እዩ፣ ማንዋሉ የሚለውን ቀጭን ዘይት (ለነዚህ ቪትዞች 5ደብሊው-30) ከደህና ፊልትሮ ጋር ሙሉ። ድምፁ ከጠፋ፣ መካኒኩ «ይከፈት» ቢልም አይከፈት። ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ ከሄደ ግን ማጥበቂያው ደክሟል።

ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይጠፋም

ካቴናውን ከመወንጀል በፊት ከሞተሩ ውጭ ያለውን የዲናሞውን ቺንጋ አውልቃችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ የውሃ ፓምፑም አብሮ ስለሚቆም ከአንድ ደቂቃ አትለፉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ወይም የውሃ ፓምፕ ነው። ካልጠፋ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን የካቴናው ሽፋን ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጋችሁ እንደ ሐኪም አዳምጡ። ዘይት ስታፈሱ የፕላስቲክ ስባሪ ከወጣ ካቴናው የሚሄድበት ማሸራተቻ ተበልቷል፤ እዚያ ላይ ምርመራው አብቅቷል፣ ይቀየራል።

ሲቀየር ካቴናው ብቻውን አይገባም፤ ማጥበቂያው፣ ማሸራተቻዎቹና የፊት ዘይት ማገጃው ጎማ (ሲል) አብረው ይቀየራሉ፣ ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች ከተበሉም እነሱ ጭምር። ሶማሌ ተራ ያገለገለ በር ወይም መብራት ግዙ፤ ያገለገለ ካቴና ግን አትግዙ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለንን ሞተር ማቆየት ግድ ነው። መካኒኩ ሲጨርስ ሞተሩን በቁልፍ ከማስነሳታችሁ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ የታይሚንግ ምልክቶቹ (ክራንክና ካም ሻፍቱ መግጠማቸውን የሚያሳዩት) እንደገና መግጠማቸውን ያሳያችሁ።

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል

ኮዱን አስነብቡ። ፒ0011 ከሆነ ከዘይቱና ከዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቩ ጀምሩ፤ በዝቃጭ የተደፈነ የቫልቩ ወንፊት በቂ ምክንያት ነው። ፒ0016 የክራንክና የካም ሻፍት አቀማመጥ አልገጠመም ማለት ነው፤ ዘይቱና ቫልቩ ደህና ሆነው ኮዱ ከተመለሰ ካቴናው ተለጥጧል ወይም ጥርስ ዘሏል።

እየሄደ ድንገት ጠፋ፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻው) ከወትሮው ቀልሎ ይዞራል

ደግማችሁ አታስነሱ። መንገድ ላይ «እንግፋልህ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አመስግናችሁ እምቢ በሉ፣ በግፊት ማስነሳት ቫልቭ ከፒስተን ሊያጋጭ ይችላልና። ጋራዥ ተጎትቶ ይሂድ፣ ሽፋኑ ተከፍቶ የታይሚንግ ምልክቶቹ ይታዩ፣ ታይሚንጉ ከተስተካከለ በኋላ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። ንባቡን ከማንዋሉ ቁጥር ጋር ብቻ ለሚያወዳድር ግን ጆሮ አትስጡ፤ 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ጤነኛ ሞተርም አንድ አራተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። የሚታየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ አንዱ ብቻ ወድቆ ከተገኘ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል።