የጥንቱን የንግግር ጥበብ ሙያ ለማድረግ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«አንደበቴ ርቱዕ ነው፤ ይበቃኛል» ማለት

መድረክ ላይ የማይርበተበት ሰው ሪቶሪክ (የንግግር ጥበብ ጥናት) ለእሱ የተፈጠረ ይመስለዋል። ስድስት ኪሎ ገብቶ ቶሎ የሚሰላቸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ሥራው መናገር ሳይሆን የሌላውን ንግግር ቁጭ ብሎ መፍታት ነውና። አርስቶትል ራሱ የጥበቡ ተግባር ማሳመን ሳይሆን በየጉዳዩ ያለውን የማሳመኛ መንገድ አይቶ መለየት ነው ይላል። ሐኪም የማይድነውንም በሽተኛ በወጉ እንደሚያክመው ማለት ነው።

ኤቶስን «ሥነ ምግባር» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የባሰው ይህ ነው። የአርስቶትል ሦስቱ የማሳመኛ መንገዶች፣ ኤቶስ «ሥነ ምግባር»፣ ፓቶስ «ስሜት»፣ ሎጎስ «ማስረጃ» ተብለው ሦስት ሣጥን ይሆናሉ፤ ከዚያ ንግግሩ ይቆራረጥና ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ወደ አንዱ ሣጥን ይወረወራል። ውጤቱ ሠንጠረዥ እንጂ ትንተና አይደለም።

አርስቶትል «ሪቶሪክ» በተባለው ሥራው (1356ሀ) ስለ ኤቶስ ሲጽፍ ተናጋሪው መታመን ያለበት አስቀድሞ በተወራለት ዝና ሳይሆን በንግግሩ ውስጥ በሚያሳየው ማንነት ነው ይላል። በሁለተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ (1378ሀ) ደግሞ ይህን ማንነት በሦስት ይከፍለዋል፦ ማስተዋል፣ መልካም ምግባር፣ ለአድማጭ በጎ ማሰብ። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ መድረክ መሪው የሚደረድረው «ክቡር ዶክተር» ምናምን በአርስቶትል አገባብ ኤቶስ አይደለም። ተናጋሪው «እኔም እንደናንተ ታክሲ ተሰልፌ ነው የመጣሁት» ሲል ግን ኤቶስ እየገነባ ነው፤ በዚያው አፍ ስሜትም ይነካል፣ ለሚቀጥለው መከራከሪያም መሠረት ይጥላል። በሮማዊው ተናጋሪ በሲሴሮ ዘንድ ደግሞ የተናጋሪው የቀድሞ ስምና ሥራም ይቆጠራል። በመመረቂያ ጽሑፍዎ አንድ ምዕራፍ ሁለቱን ሳይለዩ «ኤቶስ» ብሎ መጻፍ ፈታኙን ጥያቄ እንዲጠይቅ መጋበዝ ነው።

በፒዲኤፍ ገጽ መጥቀስ

ከላይ ያለው 1356ሀ የየትኛውም ትርጉም ገጽ ቁጥር አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ቤከር በ1831 (በአውሮፓውያን) በርሊን ላይ ያሳተመውን የግሪክኛ እትም ገጽና ዓምድ ያመለክታል፤ ሀ የመጀመሪያው፣ ለ ሁለተኛው ዓምድ ነው። ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን በመጽሐፍ፣ በምዕራፍና በክፍል ይጠቀሳል፤ ለምሳሌ 11.3.6። እነዚህ ቁጥሮች በየትኛውም ጥሩ ትርጉም ጠርዝ ላይ አሉ።

ዘይቤን ከትርጉም ላይ መተንተን

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የተናገሩት በአማርኛ ነው። ሆኖም እንግሊዝኛው ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ስለሚገኝ ተማሪው የድግግሞሽና የምት ትንተናውን በእንግሊዝኛው ላይ ይሠራና ያገኘውን ለንጉሡ ይሰጣል። ያገኘው ግን የተርጓሚውን ምርጫ ነው። መከራከሪያውንና አወቃቀሩን ከትርጉም ማየት ይቻላል፤ የቃል ምርጫን፣ ምትን፣ የዓረፍተ ነገር ርዝመትን ግን አይቻልም። አማርኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አድማጭ የሚጠብቅበት ቦታም ሌላ ነው። መጀመሪያ አማርኛውን ይፈልጉ፤ ካላገኙት የጥናት ጥያቄዎን ይቀይሩ።

ቀኑን ሲጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 25፣ 1963 ነው፤ አንዱን ብቻ የጻፈ አንባቢውን ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስተዋል።

ከመጽሐፍ ብቻ መማር

ሮማውያኑ ክርክር የሚያርፍበትን ነጥብ በሦስት ጥያቄ ይፈልጉታል፦ ድርጊቱ ተፈጽሟል? ምን ይባላል? አግባብ ነበር? በወረቀት ሲያነቡት ደረቅ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ግልጽ ችሎት ገብተው ግማሽ ቀን ቢቀመጡ ግን «አልወሰድኩም»፣ «ወስጃለሁ፣ ግን ስርቆት አይደለም»፣ «ወስጃለሁ፣ ግን ተገድጄ ነው» ሲባል ይሰማሉ። የሀገራችን የበላ ልበልሃ ሙግትም ለዚሁ የተመቸ ነው። ሰምና ወርቅን ግን «አሌጎሪ» (ምሳሌያዊ አነጋገር) ብለው አይዝጉት፤ አሌጎሪ ያለ ኅብረ ቃል (ሁለት ፍቺ ያለው ቃል) ይቆማል፣ ብዙው ሰምና ወርቅ ግን ኅብረ ቃሉን ካወጡለት ይፈርሳል።

ግሪክኛና ላቲንን «ለዶክትሬት» ማቆየት

ሎብ የሚባሉት የሁለት ቋንቋ መጻሕፍት (አረንጓዴው ግሪክኛ፣ ቀዩ ላቲን) ይረዳሉ፣ ቋንቋ አያስተምሩም። በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ ከአንዱ ይጀምሩ። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ተሳቢ በቃሉ መጨረሻ ላይ ምልክት ሲይዝ አይደነግጥም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ማመልከቻ ለሁሉም ትምህርት ክፍል መላክ

አሜሪካ ውስጥ የንግግር መምህራን በ1914 (በአውሮፓውያን) ከእንግሊዝኛ መምህራን ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ሪቶሪክ እዚያ ዛሬም በእንግሊዝኛና በኮሙኒኬሽን ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚገኘው በዚህ ነው፤ የግሪክና የሮም ጥናት ደግሞ ሦስተኛው ቤት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍና ማስተማርን፣ ሁለተኛው የአደባባይ ንግግርን፣ ሦስተኛው ምንጩን በቋንቋው ማንበብን ይጠይቅዎታል። ግሪክኛ ሳይዙ ሦስተኛውን ማንኳኳት ፖስታ ማባከን ነው።

ጉባኤ ላይ አንገት ደፍቶ ማንበብ

ስለ ንግግር የሚያጠና ሰው ወረቀቱን አጎንብሶ ሲያነበንብ አዳራሹ ይታዘባል። በደቂቃ ይህን ያህል ቃል የሚለው የእንግሊዝኛ ስሌት ለአማርኛ አይሠራም፤ «አልነገራቸውም» ለእኛ አንድ ቃል፣ ለእነሱ አራት ወይም አምስት ነው። ይልቅ ከጽሑፍዎ ሁለት ገጽ ጮክ ብለው፣ በሰዓት ለክተው ያንብቡ። 20 ደቂቃ ከተሰጠዎ ለ17 ያዘጋጁ፤ ቀሪው በማይክሮፎን ማስተካከልና በምስጋና ያልቃል። የሚተነትኑትን ምንባብ አባዝተው ያድሉ፣ መስመሮቹን ይቁጠሩላቸው፣ «መስመር 6ን ተመልከቱ» ሲሉም ሰው ዓይኑን እስኪያነሳ ዝም ይበሉ።