ባይሴፕስ አላድግ ካለህ፦ መጀመሪያ ጎትት፣ ከርሉ ይደርሳል

የትም ጂም ብትገባ መስታወት ፊት ቆሞ ከርል (ክብደት ይዞ ክርንን እያጠፉ ማንሳት) ሚሰራ ሰው አታጣም፣ ፑል አፕ ሚሰራበት ብረት ስር ግን ብዙ ጊዜ ሰው የለም። ክንዴ አላድግ አለኝ ብሎ ሚያማርረው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ፊት ያለው ነው። ከርል አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፣ እንደውም ያለሱ ባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) የሚችለውን ያህል አያድግም፣ ግን ከባድ ነገር መጎተትም ለክንድ ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚ ሁለቱን ማጣመር ነው፣ ኮምፓውንዱ ቀድሞ አይሶሌሽኑ ተከትሎ። ኮምፓውንድ ስል ከአንድ በላይ መገጣጠሚያ ሚያንቀሳቅሰውን ነው፣ ቺን አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ ሮው (ክብደት ወደ ሆድ መጎተት)፣ ላት ፑልዳውን (የማሽን ብረት ከላይ ወደ ደረት መሳብ) ምናምን። አይሶሌሽን ደሞ ክርን ብቻ ሚታጠፍበት፣ ማለትም ከርልና ዘመዶቹ።

ወደ ስራው ከመግባትህ በፊት አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክር። ክርንህን አጥፈህ መዳፍህን ወደ መሬት አድርግ፣ በሌላኛው እጅህ ባይሴፕስህን ያዝ፣ ከዛ ክርንህን ሳታንቀሳቅስ መዳፍህን ወደ ላይ አዙር። ጡንቻው እጅህ ውስጥ ሲቋጠር ይሰማሃል። ባይሴፕስ ክርን ማጠፍ ብቻ ሳይሆን መዳፍን ወደ ላይ ማዞርም ስራው ነው፣ ለዛ ነው መዳፍ ወደ ራስህ ዞሮ ሚሰራው ቺን አፕ መዳፍ ወደ ውጪ ከሚሆንበት ፑል አፕ ይልቅ ባይሴፕስን አጥብቆ ሚይዘው። ሁለት ራስ አለው፣ ረጅሙ በውጪ በኩል አጭሩ በውስጥ በኩል፣ ሁለቱም ሚነሱት ከብራኳ አጥንት ነው፣ ማለትም ትከሻንም ያቋርጣሉ። ይሄን ያዝልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። ከባይሴፕሱ ስር ደሞ ብራኪያሊስ ሚባል ጡንቻ አለ፣ እሱ ሲያድግ ክንድህ ከጎን ሲታይ ወፈር ይላል።

ቺን አፕ እንዲ ነው፦ እጅህን በትከሻህ ስፋት ያዝ፣ ክንድህ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ተንጠልጠል፣ መጀመሪያ ትከሻህን ወደ ታች ሳብ፣ ከዛ አገጭህ ብረቱን እስኪያልፍ ውጣ፣ ስትወርድ 2 ወይ 3 ሰከንድ ይፍጅብህ። ግማሽ መንገድ ወርዶ መመለስ አይቆጠርም። አንድም ካልቻልክ ዘለህ ወይ ወንበር ላይ ቆመህ አገጭህ ብረቱን እስኪያልፍ ውጣና በ5 ሰከንድ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ወይ ደሞ ላት ፑልዳውኑን መዳፍህን ወደ ራስህ አዙረህ ስራ። ከ10 በላይ በደንብ ምትሰራ ከሆነ ደሞ ወገብህ ላይ ክብደት አንጠልጥል፣ ቁጥር ብቻ እየጨመርክ 20 እና 25 መድረስ ለጽናት እንጂ ለጡንቻ ዋናው መንገድ አይደለም። ሮው ላይ ብዙ ሚወራ የለም፣ ወገብህን አታወዛውዝ፣ ክርንህን ወደ ኋላ ሳብ፣ በቃ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ መጎተት ካለ ከርል ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ ጎትተህ ስትጨርስ አንዳንዴ ቀድሞ ሚደክመው ጀርባህ ነው፣ ባይሴፕሱ ገና ጉልበት እያለው ዙሩ ያልቃል። ሁለተኛው ቅድም ያዝልኝ ያልኩህ ነው፣ ባይሴፕስ ትከሻንም ስለሚያቋርጥ ሮው ስትሰራ ክርንህ ሲታጠፍ እያጠረ፣ ክንድህ ወደ ኋላ ሲሄድ ደሞ በትከሻ በኩል እየተሳበ ነው፣ ስለዚ ርዝመቱ ያን ያህል አይቀያየርም። ከርል ላይ ግን ከተዘረጋበት እስከ ተቋጠረበት ይሄዳል።

ከርል ስትመርጥ የመሳሪያውን አይነት ሳይሆን ክርንህ የት እንዳለ አስብ። ክርን ከሰውነት ኋላ ሲሆን፣ ማለትም 45 እስከ 60 ዲግሪ በተዘመመ ቤንች ላይ ጋደም ብለህ እጅህን አንጠልጥለህ ስትሰራ፣ ባይሴፕስ ከላይም ከታችም ይለጠጣል፣ በተለይ ረጅሙ ራስ። እዚ ላይ ቆመህ ምታነሳውን ኪሎ ይዘህ አትሂድ፣ ቀንሰው። ክርን ከፊት ሲሆን፣ ማለትም ክንድህን ዘንበል ባለ ማስደገፊያ ላይ አስደግፈህ ስትሰራ፣ ፕሪቸር ከርል ነው፣ ማወዛወዝ ስለማትችል ጥሩ ነው፣ ግን ታች ስትደርስ ክብደቱን አትልቀቀው፣ ክንድህ ሲዘረጋ ጅማቱ ላይ ነው ጫናው። ሶስተኛው ሀመር ከርል፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ፣ ይሄ ለብራኪያሊስና ለታችኛው ክንድ ነው። ሶስቱ ይበቁሃል፣ በየሳምንቱ አዲስ ከርል እያየህ አትቀያይር።

የምታጭበረብር ከሆነ ለማወቅ ጀርባህንና ክርንህን ግድግዳ አስደግፈህ ስራ። በፊት ምታነሳው ኪሎ እንዲህ ሆነህ ካልተነሳ፣ ያን ኪሎ ሲያነሳልህ የነበረው ወገብህ ነው።

ፕሮግራሙን ለማውጣት በሳምንት ሁለት ቀን በቂ ነው፣ መሀሉ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ይኑር። የመጀመሪያው ቀን ቺን አፕ 4 ዙር ከ5 እስከ 8 ሬፕ (አንድ ሬፕ ማለት አንዴ ወጥቶ መውረድ)፣ በዙር መሀል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍት (ሰው ይሄን እረፍት ይቸኩልበታል፣ አትቸኩል)፣ ቀጥሎ ኬብል ሮው (በገመድ ማሽን ተቀምጠህ ምትጎትተው) 3 ዙር ከ8 እስከ 12፣ ከዛ በተዘመመ ቤንች ከርል 3 ዙር ከ8 እስከ 12፣ መጨረሻ ሀመር 2 ዙር ከ10 እስከ 15። ሁለተኛው ቀን ባርቤል (በሁለት እጅ ሚያዘው ረጅም ብረት) ሮው 4 ዙር ከ6 እስከ 10፣ መዳፍ ወደ ራስ የዞረ ላት ፑልዳውን 3 ዙር፣ ፕሪቸር 3 ዙር፣ ሀመር 2 ዙር። ከርሎቹ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል እረፍት ይበቃል። ኮምፓውንዶቹ ላይ 1 ወይ 2 ሬፕ ሲቀርህ አቁም፣ አይሶሌሽኑ ላይ ግን የመጨረሻዋን ዙር እስከማትችል ድረስ ብትሄድ ችግር የለውም፣ ዳምቤል (በአንድ እጅ ሚያዘው ክብደት) ቢያቅትህ ታስቀምጠዋለህ፣ ሚወድቅብህ ነገር የለም።

እዚ ጋ ሂሳቡን እንይ። ከርሉ 10 ዙር ነው፣ መጎተቱ ደሞ 14፣ ግማሹን ለባይሴፕስ ብንቆጥርለት 7፣ ድምሩ 17 ይመጣል። ለአብዛኛው ሰው በሳምንት ከ10 እስከ 20 ዙር ጥሩ ነው፣ ስለዚ ይሄ ላይ ሌላ የክንድ ቀን ብለህ 15 ዙር ከርል ብትጨምርበት ድካም እንጂ ሌላ አታተርፍም። ጀማሪ ከሆንክ ደሞ ግማሹን ስራ፣ ያድግልሃል።

ክብደት መጨመር ላይ ደሞ ብዙ ሰው ሚደናቀፍበት ነገር አለ። ከ8 ኪሎ ወደ 10 ኪሎ ዳምቤል መሄድ 2 ኪሎ ብቻ ይመስላል፣ ግን 25 ፐርሰንት ጭማሪ ነው፣ ለትንሽ ጡንቻ ይሄ ብዙ ነው። ለዛ ነው 12 ሬፕ ላይ ስትደርስ ወዲያው ማትዘለው፣ ሁሉንም ዙር 14 እና 15 እስክትሰራ ጠብቅ፣ ከዛ ስትጨምር 8 ወይ 9 ላይ ትወድቃለህ፣ ከሱ ደሞ ትነሳለህ። ምን ያህል እንደሰራህ ስልክህ ላይ መዝግብ፣ በጭንቅላት አይያዝም።

ከርል ቀድመህ ሰርተህ ቺን አፕ አትግባ፣ ባይሴፕሱ ደክሞ ጀርባህም ሳይሰራ ይቀራል። ሮው ላይ ጀርባህ ሳይደክም ጣቶችህ ከለቀቁብህ የመጨረሻዎቹን ዙሮች እጅህን ከብረቱ ጋ በሚያስር ማሰሪያ ብትሰራ ነውር የለውም። ቀጥ ያለው ባርቤል አንጓህን ወይ ክርንህን ካመመህ በጠመዝማዛው ባርቤል (ኢዚ ባር) ቀይረው፣ የተዘመመው ቤንች የትከሻህን ፊት ካመመህ ቤንቹን ትንሽ ቀና አድርገው። ክርንህ ጋ ድንገት ቷ ብሎ ጡንቻው ቅርፁን ከቀየረና ከበለዘ ግን በእረፍት ይሻለኛል አትበል፣ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ኦፕሬሽን ካስፈለገም በጊዜ ሲሆን ነው ሚቀለው።

ምግብ ላይ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም ፕሮቲን በቀን፣ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ112 እስከ 154 ግራም ማለት ነው፣ እንቅልፍ ደሞ 7 ሰዓትና ከዛ በላይ። የክንድህን ስፋት ምትለካው በወር አንዴ ይሁን፣ ሰርተህ ስትጨርስ ሳይሆን ሳትሰራ፣ ምክንያቱም ከስራ በኋላ ደም ሞልቶት ነው ሚያምርብህ። ሜትሩ ላይ ለውጥ ከፈለክ ደሞ ትራይሴፕስን (የላይኛው ክንድ የኋላ ጡንቻ) አትርሳ፣ ከላይኛው ክንድ ትልቁን ድርሻ ሚይዘው እሱ ነው።