የሦስት ሰዓት ሠርግ በአንድ ዲቪዲ

ረጅም የሠርግ ቪዲዮ አንድ ዲቪዲ ላይ አልገባ ካላችሁ መጀመሪያ ድምፁን እዩት። ዲቪዲውን የምትሠሩበት ሶፍትዌር ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ላይ ከሆነ የሦስት ሰዓት ድምፅ ብቻውን 2 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፣ ዲስኩ ደግሞ ያለው 4.7 ነው። ወደ ኤሲ3 (የታመቀ ድምፅ)፣ በሰከንድ 192 ኪሎቢት ቀይሩት፤ ወደ 260 ሜጋባይት ይወርዳል።

ከዚያ 600ን ለቪዲዮው ደቂቃ አካፍሉ። ለ180 ደቂቃ 3.3 ይመጣል፤ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ የሚበቃችሁ ሜጋቢት እሱ ነው፣ ስለዚህ የምስሉን ቢትሬት (በሰከንድ የሚወስደውን የዳታ መጠን) 3.1 አድርጉና ቱ-ፓስ ቪቢአር (ቪዲዮውን ሁለቴ አይቶ ቢትሬቱን እንደ ትዕይንቱ የሚያከፋፍለውን) ምረጡ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ሲመርቁ ያለውን ቆጥቦ ለጭፈራው ስለሚሰጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ከሦስት ሰዓት ካለፈ ግን አትጨቁኑት። እስክስታው ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይበላሻል፤ ለሁለት ዲስክ ክፈሉት።