አክተሩም ይሞታል፦ ጨለማ ድራማ ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ስንገባ አንድ ሕግ ነበር። አክተሩ አይሞትም። ጥይት እንደ ዝናብ ቢወርድበት፣ ከገደል ቢወረወር፣ አይሞትም። የሚሞተው ወንበዴው ነው። እሱም መጨረሻ ላይ። ሳንቲማችንን ከፍለን የምንገባው ይህንን ተማምነን ነበር።

"ጌም ኦፍ ትሮንስ" የሚባለውን ተከታታይ ድራማም የጀመርኩት በዚሁ እምነት ነው። አንድ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በፍላሽ ሰጠኝ። ሾን ቢን የሚጫወተው ኔድ ስታርክ ዋናው ሰው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ፖስተሩ ላይ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ታሪኩ የሚዞረውም በእሱ ዙሪያ ነው። ዘጠነኛው ክፍል ላይ አንገቱን ቀሉት። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ኋላ መለስኩት። ድጋሚ ቀሉት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነቱን ብዙ አይቻለሁ። ዘንዶና ሰይፍ ያለበትንም፣ ነገን አክፍቶ የሚያሳየውንም። ካየሁ በኋላ ደግሞ አፌን መያዝ አልችልም። ጓደኞቼ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ምስክሬ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው የራሴ ናቸው።

የቪዲዮ ቤቱን ሕግ ይዞ መግባት

ይኼኛው ከላይ ተነግሯል። የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። ከኔድ በኋላ "እንግዲህ ማንንም አልወድም" ብዬ ወሰንኩ። አንድ ሰው ትንሽ ደግ ሲሆን "ይኼ ሟች ነው" እላለሁ። ሁለተኛውን ምዕራፍ ሙሉ የሬሳ ቆጣሪ ሆኜ አለፍኩት። ስለ ሰዎቹ ምን ታስታውሳለህ ብትሉኝ ምንም። ሰው ላለመጎዳት ብሎ ድራማ ካየ ባያየው ይሻለዋል።

"ድንገት ነው የመጣው" ማለት

"ቀዩ ሠርግ" የሚባለው የዚሁ ድራማ ክፍል አሜሪካ ውስጥ የታየው እሑድ ማታ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2013 ነው። በእኛ ሰዓት ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ቢሮ ስንደርስ ያየም ያላየም ነበር። ያየው በፊቱ ያስታውቃል። (ያላያችሁ ካላችሁ ይህንን ንዑስ ርዕስ ዝለሉት። ከአስር ዓመት በላይ ታግሻለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም።)

የኔድ ልጅ ሮብ ስታርክ ከነእናቱ፣ ከነእርጉዝ ሚስቱ አጎቱ ሠርግ ላይ ይታረዳል። እኔ ግሩፑ ላይ የጻፍኩት "ምንም ምልክት ሳይሰጡ! ለማስደንገጥ ብቻ!" የሚል ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ድጋሚ አየሁትና አፈርኩ።

ምልክቱ ሞልቷል። ሮብ የደጋሹን ሽማግሌ ጌታ፣ የዋልደር ፍሬይን ልጅ ለማግባት ቃል ገብቶ ሌላ አግብቷል። ያ ሽማግሌ ደግሞ ቂም የሚረሳ አይደለም። ሠርጉ ላይ በሩ ይዘጋል። ሙዚቀኞቹ የጠላትን ቤት ዘፈን መጫወት ይጀምራሉ። እናትየው ዜማውን ታውቀዋለች፤ ፊቷ ይለወጣል። አጠገቧ የተቀመጠውን ሰውዬ እጅጌ ገለጥ ስታደርግ ከልብሱ ሥር የብረት ጥሩር ለብሷል። ለሠርግ ጥሩር የለበሰ ሰው ምን ሊያደርግ ነው የመጣው? እኔ ያኔ የማየው የምግቡን ጠረጴዛ ነበር መሰለኝ።

አንዱ ምልክት ደግሞ ለእኛ ሰው ሊያመልጥ አይገባም ነበር። እንግዶቹ ሲገቡ ዳቦና ጨው ይቀርብላቸዋል። በዚያ ዓለም ሕግ ዳቦና ጨው የቀመሰ እንግዳ አይነካም። ማዕድ ቆርሶ መክዳት ምን እንደሆነ የእኛ አገር ሽማግሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚዘገንነውም የደሙ ብዛት አይደለም። ጨውን አብልቶ ማረድ ነው።

ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ይህንን ያመጣው ከስኮትላንድ ታሪክ እንደሆነ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1440 የዳግላስ ቤት ወጣት ጌታ ከወንድሙ ጋር ኤድንብራ ቤተ መንግሥት እራት ተጠርቶ እዚያው ተገደለ። ማዕዱ ላይ የነበረው ንጉሥ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በ1692 ደግሞ ግሌንኮ በሚባል ሸለቆ የማክዶናልድ ጎሳ ቤቱን ከፍቶ ያስተናገዳቸው ወታደሮች፣ ከቀናት በኋላ ሌሊት ተነሥተው አስተናጋጆቻቸውን ፈጁ። "ሰው እንዲህ አያደርግም" የሚለው አስተያየቴም እንግዲህ አብሮ ወደቀ።

ስለዚህ አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው። ያስደነገጠኝን ክፍል ቢያንስ አንድ ቀን ሳላሳድር አስተያየት አልሰጥም። ሁልጊዜ ይሳካልኛል ማለት ግን አይደለም።

ስክሪኑን ሳያስተካክሉ ፊልሙን መውቀስ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2019 የታየው "ዘ ሎንግ ናይት" የተባለው የ"ጌም ኦፍ ትሮንስ" የጦርነት ክፍል 82 ደቂቃ ነው። ለዚያ ጦርነት ቀረጻ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በብርድ 55 ሌሊት አሳልፈዋል። እኔ ያየሁት በስልኬ ነው። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ። ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ ትንሽ የሆነ ፋይል። ያየሁት ነገር ቢኖር የራሴን ፊት ነው።

በዓለም ዙሪያም ሰው "ምንም አይታይም" ብሎ ጮኸ። የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ሲመልስ ችግሩ የተመልካቹ ቴሌቪዥን አቀማመጥና የምስሉ መጨመቅ ነው አለ። ሰውዬው ትንሽ ኩራት አለበት፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት አለው። ቪዲዮ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው በጥቁርና በጥቁር መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ነው። ቀን የተቀረጸ ኮሜዲ ብዙም አይጎዳውም። ጭስና ሌሊት ብቻ የሆነ ክፍል ግን ግራጫ ጡብ በጡብ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው። መብራት አጥፉ። ቴሌቪዥኑን ሱቅ ውስጥ እንዲያብለጨልጭ ከተደረገበት "ቪቪድ" ከሚለው ወደ "ሙቪ" ወይም "ሲኒማ" ለውጡት። እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን ነገር ዝጉት፤ እሱ ነው ትልቁን ድራማ የሠርግ ቪዲዮ የሚያስመስለው። ከፋይሎቹም ትልቁን ምረጡ። የኢንተርኔት ፓኬጅ ዋጋ አውቃለሁ። ግን ሌላውን ክፍል በትንሹ አውርዳችሁ ለጨለማው ቆጥቡ።

እኔ በኋላ ጓደኛዬ ቤት በደህና ስክሪን አየሁት። አሁንም አንዳንድ ቦታ በጣም ጨልሟል። ዶትራኪ የሚባሉት ፈረሰኞች የሰይፋቸው እሳት ከሩቅ አንድ በአንድ የሚጠፋበትን ግን መጀመሪያ ሳየው አላስተዋልኩትም ነበር። ከዚያ ክፍል የሚበልጥብኝ ትዕይንት የለም። ስልኬ ላይ ትንንሽ ነጥቦች ነበሩ።

"ብላክ ሚረር"ን ከአንድ መጀመር

ይህ አጭር ነው። "ብላክ ሚረር" ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ቅደም ተከተል የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዙ ቻናል 4 የታየው የመጀመሪያው ክፍል አሳማ አለበት፤ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ከእራት ጋር ግን አይሄድም። ብዙ ሰው እዚያው ትቶታል። እናንተ የሦስተኛውን ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ጀምሩ። ሰው ለሰው እስከ 5 ኮከብ የሚሰጣጥበት ዓለም ነው። አንዲት ሴት 4.2 አላት፤ የምትመኘውን ቤት በቅናሽ ለመከራየት 4.5 ያስፈልጋታል። ደም የለ፣ ጭራቅ የለ። ቀለሙ የሕፃን ልብስ ይመስላል። ከጨረሳችሁ በኋላ ለታክሲ ሾፌር ኮከብ ስትሰጡ እጃችሁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

በአንድ ሌሊት አራት አምስት ክፍል መጋትም እንዲሁ። አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ጠዋት የሚቀራችሁ ራስ ምታት ነው።

ተዋናዩን መርገም

በ"ጌም ኦፍ ትሮንስ" ጨካኙን ወጣት ንጉሥ ጆፍሪን የተጫወተው ጃክ ግሊሰን ለዓመታት ከትወና የራቀው ሰው ስለጠላው ነው እየተባለ ይወራል። እኔም አውርቻለሁ። ልጁ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 የተናገረው ሌላ ነው፤ ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ሲሠራው ኖሮ እንደ ድሮው ደስ አላለውም። እኛ ግን እርግማናችን የሠራ መስሎን ነበር። የመጥፎ ሰው ፊት ስታዩ ደማችሁ ከፈላ ለተዋናዩ ምስጋና ነው፤ እዚያው ማቆም።

መጨረሻው ከከፋ ሁሉም ከንቱ ነበር ማለት

ጌም ኦፍ ትሮንስ 73 ክፍል አለው። የመጨረሻዎቹ ስድስቱ ተቻኩለዋል፤ ይህንን አልከራከርም። ጉዞው በፊት ወራት ይፈጅ የነበረው ሰው አሁን ማስታወቂያ እስኪያልፍ ይደርሳል። አራተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የቡና ኩባያ ረስተዋል። የእኛ ዘመን የካርቶን ኩባያ! የድራማው ጣቢያ ኤች.ቢ.ኦ. ከቀናት በኋላ በኮምፒውተር አጠፋው። ምዕራፉ በሌሎች ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራ የሚለውን አቤቱታ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመበት። የሆነ ነገር የለም።

እኔም "ስምንት ዓመት አባከንኩ" ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። እነዚያን ሰኞ ጠዋቶች ማንም መልሶ አልወሰደብኝም። በየሳምንቱ ቡና ላይ የተከራከርነው ክርክር ከምዕራፉ ይበልጣል።

አንድ ምክር ብቻ ስጠን ካላችሁ፦ ድራማው ሳያልቅ በገፀ ባህሪ ስም ልጅ አታስጠሩ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት "ካሊሲ" ተብለዋል። ካሊሲ ስም እንኳን አይደለም፤ የካል፣ ማለትም የዶትራኪ አለቃ ሚስት ማለት ነው፣ ማዕረግ ነው። ከዚያ በ2019 ካሊሲ የሚሏት ገፀ ባህሪ፣ ዴነሪስ፣ ከተማውን ከነሕዝቡ አቃጠለችው።

አብሮን ያለው ሰው የሚያየውን መርሳት

ይህኛው ከሁሉም የከበደኝ ነው።

"ዘ ሃንድሜይድስ ቴል" የሚባለው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር እናቴ ቤት ነበርኩ። ጊሊያድ የሚባል አገዛዝ አሜሪካን ገልብጦ ይይዛል። መውለድ የሚችሉ ሴቶች ቀይ ቀሚስ ለብሰው ለባለሥልጣናት ይወልዳሉ። ጁን የምትባለው ሴት ልጇን ሐናን ከእቅፏ ነጥቀዋታል። እናቴ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ እየተረጎምኩ አብራራለሁ። "እማዬ፣ ይኼ እንኳን ፈጠራ ነው። ወደፊት እንዲህ ቢሆንስ ብለው ነው" አልኳት። እያጽናናኋት መሆኑ ነው።

መጀመሪያው ክፍል ላይ በወንዝ ዳር ያለ ግንብ ይታያል። ሰዎች ተሰቅለውበታል። ፊታቸው ተሸፍኗል። እያንዳንዳቸው ላይ ጥፋታቸውን የሚናገር ምልክት አለ።

እናቴ ምስሩን አስቀመጠች። "ወረቀትም ይለጥፉባቸው ነበር" አለች።

"እነማን?"

"በቀይ ሽብር ጊዜ ነዋ። መንገድ ላይ። ማልቀስም ክልክል ነበር።" ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ቀሪውን ክፍል ያን ቀን አላየሁትም።

ደራሲዋ ማርጋሬት አትውድ ድራማው የተወሰደበትን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ምዕራብ በርሊን ሆና፣ የበርሊን ግንብ ገና ሳይፈርስ ነው። ለራሷ አንድ ደንብ አውጥታ ነበር፤ ሰዎች አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ያላደረጉትን ነገር መጽሐፉ ውስጥ አላስገባም አለች። ሩማንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ጽንስ ማቋረጥን ከልክላ ሴቶችን ሕዝብ አብዙ ብላ አስገድዳለች። አርጀንቲና ውስጥ የወታደራዊው መንግሥት ሰዎች ከታሰሩ እናቶች ሕፃናትን እየወሰዱ ለራሳቸው ሰዎች ሰጥተዋል፤ አያቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እየፈለጉ ነው። እኔ ይህንን ያነበብኩት በኋላ ነው። እናቴ ሳታነብ ታውቀው ነበር።

"ይኼማ ሊሆን አይችልም" የሚለው አስተያየት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፌ አይወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ከትልቅ ሰው ጋር ከማየቴ በፊትም ብቻዬን አየዋለሁ። ልጆች ካሉ ደግሞ ጭራሽ።

ድራማው 6 ምዕራፍ ሄዶ በ2025 አለቀ። ከዚያ ከምስሩ ቀን ጀምሮ ከእናቴ ጋር ስለሱ አላወራንም ነበር። እንደጨረስኩት ሰሞን ስደውልላት ስለ ቴሌቪዥኑ ሪሞት ጠይቃኝ፣ ስለ ኪራይ ጠይቃኝ፣ ልትዘጋው ስትል "አንተ፣ ያቺ ቀይ ለባሽ" አለችኝ፣ "ልጇን አገኘቻት?"

"ገና ናት፣ እማዬ።"

ትንሽ ዝም አለች። "ታገኛታለች" አለችና ዘጋችው።